የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ላላችሁ፦ በርሚንግሃም ያሉትን ጋሼን ልጠቁማችሁ

በርሚንግሃምና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ የድሮ ሞተር ሳይክል ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች፣ ይህን አንብቡልኝ። አንድ ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግን ነው። ሥራቸው ይህን ይገባዋል፤ እንዲያውም ያንሰዋል።

ሞተሬ ቢኤስኤ ቢ31 ነው። 350 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ እዚሁ ከተማችን ስሞል ሂዝ ከነበረው ፋብሪካ በ1950ዎቹ የወጣ። አነሳሱና ድምፁ ግሩም ነው። ዘይት ግን ያንጠባጥብ ነበር። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፤ "አለቀ፣ ውሰደው" አሉኝ። ብዙም ሳይቆይ ብሶበት አረፈው።

ከዚያ ሰው ጋሼን ጠቆመኝ። አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ቶርኖ ላይ ያሳለፉ የአገራችን ሰው ናቸው። ሞተሩን ሲያዩ ቁልፍ አላነሱም። የላላውን ብሎን በጣታቸው ፈትተው አወጡና ወደ ብርሃን ያዙት። ትንሽ ጥርስ መቁጠሪያ ለኩበት።

"ልጄ፣ ይሄ የዚህ ሞተር ብሎን አይደለም። የሚሊሜትር ነው" አሉኝ።

ቀዳዳው ዊትወርዝ በሚባለው የድሮ የእንግሊዝ የብሎን ጥርስ ልክ የተሠራ፣ የ5/16 ኢንች ነው። ወደ ሚሊሜትር ሲቀየር 7.94 ይሆናል። ጋራዡ የከተተው ደግሞ 8 ሚሊሜትር ብሎን ነው። በዓይን ማን ይለየዋል? ልዩነቱ ያለው ጥርሱ ላይ ነው። ዊትወርዙ በአንድ ኢንች ውስጥ 18 ጥርስ አለው፤ የተለመደው የ8 ሚሊሜትር ብሎን ከ20 ትንሽ ይበልጣል። የጥርሱ ማዕዘንም አንዱ 55 ዲግሪ፣ ሌላው 60 ነው። ስለዚህ ብሎኑ ሁለት ሦስት ዙር እሺ ብሎ ይገባና ይጠብቃል። እዚያ ላይ በቁልፍ ካስገደዱት ብረቱ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። የእኔም ሞተር የሆነው ይኸው ነው።

"የእንግሊዝ ሞተር ከሆነ የኢንች ቁልፍ ግዛና ተገላገል" የሚል ምክር በየቦታው ትሰማላችሁ። አትመኑት። ኢንች ሁሉ አንድ አይደለም። ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 ያቀረበው ሻካራው ጥርስ አለ። ከእሱ ደቀቅ ያለው ቢኤስኤፍ አለ፤ በ5/16 ላይ 22 ጥርስ ነው። የሳይክልና የሞተር ሳይክል ሠሪዎች የተጠቀሙበት ሲኢአይ ደግሞ በዚያው ውፍረት 26 ጥርስ አለው፤ ማዕዘኑም 60 ዲግሪ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የወጡት ትራየምፍና ቢኤስኤዎች ላይ ከአሜሪካ ጋር የጋራ የሆነው ዩኒፋይድ ይመጣል። በሽግግሩ ጊዜ የተሠራ ሞተር ላይ አሮጌውና አዲሱ ጥርስ ተቀላቅሎ ታገኛላችሁ።

ቁልፉም የራሱ ጣጣ አለው። በዊትወርዝ ቁልፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር የአፉ ስፋት አይደለም፤ የብሎኑ ውፍረት ነው። 1/4 የሚል ቁልፍ አፉ 13.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 13 ቁልፍ አይገባም፣ 14 ይዋልላል፣ ከዚያ የብሎኑ ጭንቅላት ይከባል። ድሮ ሞተር ላይ የተላጠ ብሎን ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ የ14 ቁልፍ ሥራ ነው።

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። የኤሌክትሪክና የካርቡሬተር ትንንሽ ብሎኖች ቢኤ የሚባል ሌላ ቤተሰብ ናቸው። ቢኤ የእንግሊዝ ይሁን እንጂ ልኩ የወጣው በሚሊሜትር ነው! 0 ቢኤ 6 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 1 ሚሊሜትር የጥርስ ርቀት አለው። ከሜትሪኩ 6 ጋር ቁጥራቸው አንድ ነው፤ ማዕዘኑ ግን 47.5 ዲግሪ ነው። ጋሼ ሁለቱን ብሎኖች ጎን ለጎን አስቀምጠው አሳዩኝ። በማጉያ መነጽር ካልሆነ አይለይም።

ሥራቸውን በተመለከተ፣ የተበላውን ቀዳዳ ሰፋ አድርገው በስተው በውስጡ ሄሊኮይል፣ ማለትም የተበላውን ጥርስ የሚተካ የሽቦ ጥቅል፣ አስገቡበት። ያውም በዊትወርዝ ልክ፣ የሞተሩ የራሱ ብሎን ተመልሶ እንዲገባ። "ትልቅ ሜትሪክ ብሎን እንክተትበትና ይለቅ" አላሉም። ሌሎቹንም ብሎኖች አንድ በአንድ ለኩ። የማይገባቸው ቦታ የገቡትን አወጡ፤ ደህናዎቹን አጥበው የየትኛው ቀዳዳ እንደሆኑ ካርቶን ላይ ሰክተው ጻፉበት። የጎደለውን ቶርኖ ላይ ሠሩት። የኋላ ጎማ ላይ የሚያብረቀርቅ ስቴንለስ ብሎን ላድርግ ስላቸው እምቢ አሉ። ጎማና ፍሬን የሚይዝ ብሎን ጥንካሬው ሳይታወቅ አይገባም አሉ። ትክክል ናቸው።

ዋጋውን ሳይጀምሩ ነገሩኝ፤ ሲጨርሱም ያንኑ ተቀበሉ። ዘይቱ ቆሟል።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ብቻቸውን ስለሚሠሩ ወረፋ አለ፤ ለነገ ድረሱልኝ ብትሏቸው አይሆንም። ከሞተሩ የወለቀ አሮጌ ብሎንና ዳዶ ካላችሁ፣ ቢዝግም ቢሰበርም፣ ሳትጥሉ በከረጢት አድርጋችሁ ውሰዱላቸው። አዲሱን የሚለኩት በእሱ ነው።