ኪቲ ተርሚናል፦ ኮድም አማርኛም በአንድ መስኮት ለሚጽፍ ሰው

በአብዛኞቹ የሊኑክስ ተርሚናሎች (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥባቸው መስኮቶች) ኮንትሮልና አይ አብረው ሲጫኑ ታብ ይሆናሉ፤ ኮንትሮልና ኤም ደግሞ ኢንተር። ኪቦርዱ ተበላሽቶ አይደለም። ኮንትሮል ከፊደል ጋር ሲጫን የሚላከው የፊደሉ አስኪ ቁጥር (ኮምፒውተር ፊደሉን የሚለይበት ቁጥር) የመጨረሻዎቹ 5 ቢቶች ብቻ ናቸው። አይ ቁጥሯ 105 ነው፤ በዚህ ስሌት 9 ትሆናለች፤ 9 ደግሞ ታብ ነው። ስለዚህ ቪም በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ላይ ኮንትሮል አይን ለአንድ ሥራ፣ ታብን ለሌላ ሥራ ልመድብ ያለ ሰው የቱንም ያህል ቢለፋ አይሳካለትም።

ኪቲ የተባለው ተርሚናል ከእነዚህ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የራሱ የኪቦርድ ፕሮቶኮል (የተጫነውን ቁልፍ ለፕሮግራሙ የማስተላለፊያ ደንብ) አለው፤ ኮንትሮል አይን ከታብ ለይቶ 105 እና 5 በሚሉ ሁለት ቁጥሮች ይልካል። የመጀመሪያው የፊደሉ ቁጥር ነው። ሁለተኛው የሚገኘው 1 ላይ ሺፍት ከተያዘ 1፣ ኦልት ከተያዘ 2፣ ኮንትሮል ከተያዘ 4 በመደመር ነው። ይህን ስሌት መያዝ ይጠቅማል፤ የኢንተር ቁጥር 13 ስለሆነ ሺፍትና ኢንተር 13 እና 2 መሆኑን ማንም ሳይነግራችሁ ታወጡታላችሁ።

ነገር ግን ፕሮቶኮሉ የሚሠራው ፕሮግራሙ ራሱ ሲጠይቅ ነው። ኒዮቪም (የቪም አዲስ ዝርያ) ይጠይቃል። ባሽ (ተርሚናል ውስጥ ትዕዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) አይጠይቅም፤ ስለዚህ ኪቲን ጭኖ ባሽ ላይ ለውጥ የሚጠብቅ ሰው ቅር ይለዋል። ባሽ ላይ ግን ቶሎ የሚገኝ ጥቅም አለ፦ ኪቲ ባክስፔስ ሲጫን 127፣ ኮንትሮልና ባክስፔስ ሲጫኑ 8 ይልካል። ሆም ማውጫ ውስጥ ባለው ኢንፑትአርሲ ፋይል ኮንትሮል ኤችን (ቁጥሩ 8 ነው) ባክዋርድ-ኪል-ዎርድ ለሚባለው ተግባር ብትመድቡት ኮንትሮልና ባክስፔስ ሙሉ ቃል ያጠፋል። አዲስ ባሽ መክፈት አትርሱ፤ ፋይሉ የሚነበበው ባሽ ሲነሳ ነው። የኪቲን የራሱን ኮንፊግ ፋይል ስትቀይሩ ግን መዝጋት አያስፈልግም፤ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤፍ5 በቂ ነው።

አሁን ወደ አማርኛው። አይባስንና (በሊኑክስ ላይ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች መጻፊያ ፕሮግራም) ለእሱ የተዘጋጀውን የኤም17ኤን ጥቅል ጫኑ፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ ከዚያ በሴቲንግ ውስጥ አማርኛን በ"ሴራ" አጻጻፍ ጨምሩ። በሴራ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ሲጻፍ "ሰላም" ይወጣል። ጂኖም ተርሚናል ላይ ይህ ብቻ ይበቃል። ኪቲ ላይ፣ ኤክስ11 (የቆየውን የሊኑክስ መስኮት ሥርዓት) የምትጠቀሙ ከሆነ፣ አይበቃም፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ነው። ጂኤልኤፍደብሊው፣ አይኤም እና ሞጁል የሚሉት ሦስት ቃላት በትልልቅ የላቲን ፊደላት፣ በታች ሰረዝ ተያይዘው የሚሠሩት ተለዋዋጭ (ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚያነበው ቅንብር) አለ፤ እሴቱ አይባስ መሆን አለበት። ኪቲ ከመነሳቱ በፊት መታወቅ ስላለበት ፕሮፋይል ፋይል ውስጥ ጻፉት። የኪቲ ኮንፊግ ውስጥ ቢጻፍ ዋጋ የለውም፤ እዚያ የሚጻፈው ኪቲ ውስጥ ለሚከፈቱ ፕሮግራሞች ብቻ ነው የሚደርሰው።

አንድ ግጭትም አለ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ዩ በአይባስም በኪቲም ዩኒኮድ በቁጥር ለማስገባት የተያዘ ነው። ከሁለቱ በአንዱ አጥፉት፤ ኪቲ ላይ ቁልፉን ኖ-ኦፕ (ምንም አታድርግ) ለሚለው መመደብ ይበቃል።

ቪም ውስጥ አማርኛው እንደበራ ከኢንሰርት ሞድ (ጽሑፍ ከሚጻፍበት ሁኔታ) ብትወጡ መስመር ለማጥፋት ዲን ሁለቴ ስትጫኑ "ድድ" ለቪም ይደርሳል እንጂ ምንም አይጠፋም። መፍትሔው ከኢንሰርት በተወጣ ቁጥር አይባስ ኢንጂን የሚለው ትዕዛዝ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልስ ኢንሰርትሊቭ በሚባለው የቪም ክስተት ላይ ማሰር ነው። አማርኛ በቪም የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያደርግ መቆየት የለበትም።

የፊደሉ መልክ የኪቲ ደካማ ጎን ነው። ተርሚናል ለአንድ የግዕዝ ፊደል የሚሰጠው የአንድ ላቲን ፊደል ቦታ ብቻ ስለሆነ ጨ እና ጪን የመሳሰሉት ሰፋፊ ፊደላት ይጠባሉ። ኪቲ ፊደሉን አሳንሶ ቦታው ውስጥ ያስገባዋል፤ አይደራረብም፣ ግን ዓይን ያደክማል። በኪቲ ኮንፊግ ሲምቦል ማፕ በሚለው መስመር ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን የዩኒኮድ ክልል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ለሚባለው ፎንት ስጡ፣ የፊደሉንም መጠን ከ11 ወደ 14 አሳድጉ። ከዚህ የተሻለ አላየንም።

በኤስኤስኤች (ሩቅ ወዳለ ኮምፒውተር መግቢያ ትዕዛዝ) ወደ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ለሚገባ ሰው ሌላ ጣጣ አለ። ኪቲ ራሱን ኤክስተርም-ኪቲ ብሎ ያስተዋውቃል፤ ሰርቨሩ ይህን ስም ካላወቀው ክሊር (ስክሪን የሚያጸዳው ትዕዛዝ) አልሠራም ይላል፣ ቁልፎችም ይምታታሉ። በተራው ኤስኤስኤች ፋንታ ኪቲ ራሱ ይዞት በሚመጣው የኤስኤስኤች ኪተን (የኪቲ ተጨማሪ መሣሪያ) ግቡ፤ የጎደለውን ፋይል ሰርቨሩ ላይ ራሱ ይጭንላችኋል። ኒዮቪም ሰርቨር ላይ ተከፍቶ ሳለ መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ቢቋረጥ፣ ጎንደር ላይ እንግዳ ነገር አይደለምና፣ ኮንትሮል ሲ ስትጫኑ በማቋረጥ ፋንታ 9፣ 5 እና ዩ የሚል ቁርጥራጭ ይጻፋል። ፕሮቶኮሉ እንደበራ ቀርቶ ነው፤ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ዲሊት ያጸዳዋል። ሰርቨሩ ላይ ባክስፔስ አማርኛን በግማሽ የሚያጠፋ ከሆነ ግን ጥፋቱ የኪቲ አይደለም። "ሰላም" 3 ፊደል ቢሆንም 9 ባይት ነው፤ ኤስቲቲዋይ በሚለው ትዕዛዝ አይ-ዩቲኤፍ8ን አብሩ።

ኪቲ ኦፕንጂኤል (በግራፊክስ ካርድ መሳያ ሥርዓት) ይፈልጋል። ፒያሳ ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ኡቡንቱ በፍላሽ አስነስታችሁ ግራፊክሱን እዩ። በጣም ላረጀ ማሽን ጂኖም ተርሚናል ይሻላል፤ ኮንትሮል አይን ባይለይም አማርኛው ያለ ጣጣ ይሠራል። እሱ ላይ ኤፍ10 ሲጫኑ ሜኑ እየተከፈተ ሚድናይት ኮማንደር (በኤፍ10 የሚዘጋ የፋይል ማስተዳደሪያ) አልዘጋ ቢል፣ ፕሪፈረንስ ውስጥ ኤፍ10 ሜኑ እንዲከፍት የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ።