የታኮማ ፓርክ እሳት አደጋ ልጆች፣ እግዜር ይስጥልኝ

ይሄን ምስጋና ሳልጽፍ ሁለት ወር አለፈኝ። ሥራ፣ ልጅ፣ ኑሮ። ዛሬ ግን የእረፍት ቀኔ ስለሆነ ቁጭ አልኩ። ሜሪላንድ፣ ታኮማ ፓርክና አካባቢው ያላችሁ አበሾች፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የገና ዕለት ነው። እኔ ሺፍት ይዞኝ ነበር (አረጋውያን ነው የምንከባከበው፣ የኛን ገና ማን ያውቅልናል)። ባለቤቴ ታክሲ ላይ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ቤት ስገባ እማዬ ሶፋው ላይ ራሷን ይዛ ጋደም ብላለች፣ የ8 ዓመቷ ልጄ ደግሞ ታስመልሳለች። ዶሮ ወጡ ነው አልኩ። ቅቤው ነው አልኩ። ለካስ እማዬ ብርዱ ሲጸናባት ከሰሉን ከበረንዳ ሳሎን አስገብታ፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ፣ ከአቦል እስከ በረካ አፍልታበታለች። በከሰል ታፍነው ስለሞቱ ሰዎች እየሰማን ነው ያደግነው። ግን እዚህ አገር፣ ጣሪያው ላይ አላርም እያለ፣ ማን ያስባል? ከሰሉ ግሎ ስለነበር ጭስም የለው፣ ሽታም የለው፣ አላርሙም ዝም።

እውነቱን ልናገር? ወዲያው አልደወልኩም። የአምቡላንሱን ቢል ፈራሁ።

ወደዚህ ሳንመጣ ሌላ ስቴት ስንኖር ባለቤቴ ሥራ ቦታ ወድቆ አምቡላንስ ወስዶት ነበር። መንገዱ 10 ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ 1,900 ዶላር የሚል ደብዳቤ መጣ። ኢንሹራንሱ እኔን አይመለከተኝም አለ፣ ብንደውል ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ማዞር፣ በመጨረሻ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ) ላኩብን። አንዷ ደግሞ በስልክ "ሌላ ጊዜ ታክሲ ያዙ" አለችኝ። ባለታክሲውን ነው እኮ! ከፍለን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀብን። እዚያው የነበረው አከራይ ደግሞ አላርሙ ሌሊት ሌሊት ይጮሃል ብዬ ሦስቴ ስደውል "ንቀዪውና ተኚ" ያለኝ ሰው ነው። ስማቸውን አልጠራም። ለሰጪው ትቻቸዋለሁ።

ታዲያ ያ ሁሉ ትዝ ብሎኝ ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ልጄ ሁለተኛ ስታስመልስ ነው 911 የደወልኩት። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋብኝ። "አማርኛ፣ አማርኛ" ብቻ አልኩ፣ አስተርጓሚ አገናኙኝ። ይሄን የማታውቁ ዕወቁ፣ ለእናቶቻችሁም ንገሩ። ቶሎ ውጡ አሉን። ልጄን ኮሪደሩ ላይ አውጥቼ ለእማዬ ስመለስ ጉልበቷ ከዳት፣ ላነሳት አቃተኝ።

ደረሱ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀባቸው አላውቅም፣ እያለቀስኩ ነበር። አንዱ ረጅም ልጅ በሩን ከማለፉ ልብሱ ላይ ያንጠለጠላት ትንሽ መሣሪያ ጮኸች። ምን ጠየቀኝ? ምንም። እማዬን ከነጋቢዋ እንደ ሕፃን ታቅፎ ወጣ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ከከሰል የሚወጣ መርዝ ስሙን የሰማሁት በኋላ ነው፣ ስለ ቁጥሩና ስለ ልኩ ብታስረዱኝም አይገባኝም።

እማዬ ደግሞ የለበሱትን አይታ "ፖሊስ ናቸው፣ ግሪን ካርዴን ሊቀሙኝ ነው" ትላለች። የኦክስጅኑን ጭንብል ሲያቀርቡላት ፊቷን አዞረች። ያ ልጅ ሄልሜቱን አወለቀ፣ ተንበረከከላት፣ ጭንብሉን ራሱ ፊት ላይ አድርጎ ተነፈሰና ለእሷ ሰጣት። እሺ አለች። ግን እጇ አሁንም አሁንም ፀጉሯ ላይ ይሄዳል። ምን ፈልጋ ነው ብሎ ልጄን ጠየቃት። "ነጠላዋን ነው፣ ፀጉሯ ታየባት" አለችው። ተመልሶ ገባ። እኛን ያባረረን ቤት ውስጥ፣ ጭንብሉን አጥልቆ፣ ለነጠላ! ይዞ ሲመጣ እንዴት እንደሚያለብሳት ስላላወቀ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጣት። በሁለት እጅ መስጠት እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ማን ነግሮት? እማዬ እስከ ዛሬ "አሳዳጊ ያልበደለው" ነው የምትለው።

ሌሊቱን ሆስፒታል ኦክስጅን ሲሰጧቸው አደሩ፣ በማግስቱ ሁለቱም ደህና ሆነው ወጡ። ተመስገን።

ሲሻላቸው ድፎ ዳቦ ጋግሬ ካሮል አቬኑ ያለው ጣቢያ ሄድኩ። "ስንት ይከፍሉሃል?" አልኩት ያን ልጅ፣ እንደ አገሬ ሰው። ምንም አለኝ። ምንም! በጎ ፈቃደኛ ነው፣ ቀን ሌላ ሥራ አለው። ካውንቲው የሚቀጥራቸው ደሞዝተኞች አሉ፣ እነዚህ ደግሞ ከጎናቸው ያድራሉ። ማኅበራቸው በፈረንጅ ከ1894 ጀምሮ ያለ ነው። 17 ሺህ ገደማ ሰው ላላት ከተማ ይሄን ያህል ዘመን! በመላው አሜሪካም ከ3 የእሳት አደጋ ሰዎች 2ቱ ያለ ደሞዝ የሚሠሩ ናቸው። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ቤት ሲቃጠል ጎረቤት ነበር ባልዲና ጀሪካን ይዞ የሚሮጠው። ይሄም ያው ጎረቤት ነው፣ መኪና ያለው።

ባለቤቴ "ታክስ እንከፍል የለ እንዴ?" ይላል። ልክ ነው፣ የቤት ግብሩ ላይ ለእሳት አደጋ የሚሄድ አለ፣ ተከራዩም በኪራዩ ውስጥ ይከፍለዋል። የዚያን ልጅ ሌሊት ግን ታክስ አልገዛውም። እና ምን አሳፈረኝ መሰላችሁ፣ በጎ ፈቃደኞቹ መዋጮ ሲለምኑ የሚልኩትን ደብዳቤ ማስታወቂያ መስሎኝ ስጥል ኖሬያለሁ። ዘንድሮ 50 ዶላር ላክሁ። እናንተም አትጣሉት፣ 10ም ብትሆን ላኩ።

የአምቡላንሱ ቢልስ? ፖስታ ሳጥኑን እየፈራሁ ስከፍት ከርሜ ደውዬ ጠየቅሁ። ታኮማ ፓርክ ያለችበት ሞንጎመሪ ካውንቲ በፈረንጅ ከ2013 ጀምሮ ኢንሹራንስ ካለ ኢንሹራንሱን ያስከፍላል እንጂ ነዋሪውን ከኪሱ አይጠይቅም። የሆስፒታሉ ለብቻ ነው፣ እሱን አላውጅላችሁም። ግን ለአምቡላንስ ብላችሁ እንደ እኔ ስልክ ይዛችሁ አትቁሙ! ደውሉ። 311 (የካውንቲው ስልክ ነው) ደውላችሁም የቤታችሁን ደህንነት መጥተው እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። የጭሱ አላርም ይሄን መርዝ አያውቀውም፣ ለካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሆነው ሌላ ነው፣ ግዙት። ከሰል ቤት ውስጥ በፍጹም አታስገቡ፣ በፍጹም።

እማዬ አሁን ቡናዋን በኤሌክትሪክ ነው የምታፈላው። አይጥምም እያለች። በመንገድ ሳይረን ሲጮህ ጀበናዋን አስቀምጣ ታማትብና "ያ ልጅ ይሆን? በሰላም ይመልሰው" ትላለች።