የሐረርና የባቢሌ የጉጉት ጉብኝት፦ የቷ ትበልጣለች?

ሐረር ያደረ እንግዳ ማታ ማታ ጅብ ሲመገብ ለማየት ይሄዳል። ጉጉት ልይ የሚል ግን ጥቂት ነው፤ ሟርቷን የሚፈራም አለ። ወደ ባቢሌ ግራሮች የሚወስድ፣ ጆሮው የሠለጠነ አስጎብኚ ከተገኘ ክፍያው አይቆጭም።

ሮዝ የዓይን ቆብ ያለው ትልቁ የቬሮ ጉጉት ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። ሌላው፣ ባለነጭ ፊቱ ጉጉት፣ ብርቱካንማ ዓይን አለው፤ ሲሰጋ ግን ሰውነቱን አቅጥኖ ደረቅ ቅርንጫፍ ይመስላል፣ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል።

ምርጫችን 20 ሴንቲ ሜትር የማትሞላው ባለነጠብጣቧ ትንሽ ጉጉት ናት። በቀንም ትታያለች፤ ማጅራቷ ላይ ዓይን የሚመስሉ ሁለት ጥቁር ምልክቶች አሏት፣ ከኋላም የምታይ ያስመስላታል። ትንንሽ ወፎች እሷን ሊያባርሩ ተሰብስበው ሲንጫጩ ድምፁን ተከትሎ ግራሩን መፈተሽ ነው።

የአገልግሎቱ ጉድለት ባትሪና ስልክ ላይ ነው። ነጭ ብርሃን ዓይኗ ላይ መልቀቅ ለጊዜው ያሳውራታል፤ ባትሪው በቀይ ላስቲክ ይሸፈን። የተቀዳ ድምፅ ደጋግሞ ማጫወት ደግሞ ባላንጣ የመጣ እየመሰላት አደኗን ያስተዋታል። ስምንት በ42 የሆነ፣ ማለትም ስምንት እጥፍ የሚያጎላና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ የሩቅ ማያ መነጽር ይበቃል።