«ሞድበስ አለው» የተባለ ሜትር ስትገዙ ሠንጠረዡን ሳታዩ እንዳትከፍሉ

ባህር ዳር ውስጥ ለፓምፕ፣ ለወፍጮ ወይም ለአነስተኛ ፋብሪካ ፓወር ሜትር (ቮልትና አምፔር የሚለካ ዕቃ) ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ርካሽ ሜትር ከተማው ውስጥ እየተሸጠ ነው። ካርቶኑ ላይ «ሞድበስ» ይላል፤ መሣሪያዎች ቁጥር የሚለዋወጡበት ቋንቋ ማለት ነው። ሻጩም «ከየትኛውም ፒኤልሲ ጋር ይሠራል» ይላችኋል፤ ፒኤልሲ ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር ነው። ውሸት አይደለም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ።

እኛ የገዛነው ፎገራ በኩል ጣና ዳር ላለ የሩዝ መስኖ ፓምፕ ነበር። እምቦጭ የመሳቢያውን አፍ ሲዘጋው ሞተሩ የሚወስደው አምፔር ይወርዳል። ፒኤልሲው ይህን አይቶ ፓምፑን እንዲያቆመው ፈለግን። ሽቦውን አገናኘን፤ ሜትሩም መለሰ። የመጣው ግን ዝም ብሎ የቁጥር መዓት ነው። የትኛው ሬጂስተር (ሜትሩ ቁጥር የሚያስቀምጥበት ባለ አድራሻ ቦታ) ቮልት፣ የትኛው አምፔር እንደሆነ የሚናገር ወረቀት፣ ማለትም ሠንጠረዡ፣ ካርቶኑ ውስጥ የለም። ሻጩ ጋ ስንደውል «እሱ ለብቻው ነው የሚሸጠው» አለን። የጠራው ዋጋ የሜትሩን ግማሽ ይጠጋል። ጉድ እኮ ነው!

ሞድበስ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ የቆየ ፕሮቶኮል ነው። አንድ ሬጂስተር 16 ቢት ቁጥር ይይዛል፤ በቃ። ቁጥሩ ቮልት ይሁን አምፔር፣ ለ10 ይካፈል ለ100፣ ፕሮቶኮሉ አይናገርም። ያንን የሚወስነው አምራቹ ነው፤ የሚጽፈውም ሠንጠረዡ ላይ ነው።

«ገምተን እናገኘዋለን» የምትሉ አትጠፉም። ብዙ ሜትሮች ቮልቱን በፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር በ32 ቢት በሚጻፍበት መንገድ)፣ ማለትም በሁለት ሬጂስተር ነው የሚልኩት። 220 ቮልት በዚህ መንገድ ሲላክ አንዱ ሬጂስተር 17244፣ ሌላው 0 ሆኖ ይታያል። 17244 አይቶ «ይሄ 220 ነው» የሚል ማነው? የሁለቱ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ዜሮ ነው። ሌላም አለ። ማንዋሉ 40001 የሚለው ሬጂስተር በሽቦው ላይ 0 ተብሎ ነው የሚጠራው። በአንድ ከሳታችሁ የጎረቤቱን ታነባላችሁ።

ካንኦፕን የሚባለው ሌላ የመሣሪያዎች ቋንቋም ቢሆን ያው ነው። እዚያ የምትጠይቁት ኢዲኤስ ፋይሉን፣ ማለትም በሠንጠረዡ ፋንታ የትኛው አድራሻ ምን እንደያዘ የሚዘረዝረውን ፋይል ነው። በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) ከአድራሻ 2000 ጀምሮ ያለውን ሰፊ ክፍል አምራቹ እንደፈለገ ስለሚሞላው፣ ያለ ፋይሉ ጨለማ ነው።

ስለዚህ ላፕቶፕና የዩኤስቢ አርኤስ-485 ኮንቨርተር (ላፕቶፑን ከሜትሩ የሞድበስ ሽቦ ጋር የሚያገናኝ) ይዛችሁ ሱቁ ሂዱ። ሜትሩን ሶኬት ላይ ሰክተው ቮልቱን ከሠንጠረዡ አድራሻ ያስነብቧችሁ። ስክሪኑና ሜትሩ ፊት ላይ ያለው ቁጥር ከገጠመ ክፈሉ። አንዳንዱ ሻጭ ሲጨንቀው የሌላ ሞዴል ማንዋል በቴሌግራም ይልካል፤ የሞዴል ቁጥሩን ሜትሩ ጀርባ ካለው ጋር አስተያዩት። ሠንጠረዡ ከዕቃው ጋር መሰጠቱንም ውሉ ላይ አስጽፉ። «ነገ እልክላችኋለሁ» የሚለውን እንዳትቀበሉ፤ ቅድመ ክፍያም አትስጡ።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ማንበብ ብቻ ሞክሩ። በተለይ የገዛችሁት ሜትር ሳይሆን ሞተር የሚነዳ ድራይቭ ከሆነ፣ ያለ ሠንጠረዥ አንድም ሬጂስተር ላይ እንዳትጽፉ። ያ ሬጂስተር ሞተሩን የሚያስነሳው ሊሆን ይችላል፤ ፓምፑ ላይ እጁን ያስገባ ሰው ቢኖርስ?