ያገለገለ ታብሌት ቻርጅ እምቢ ሲል፦ መሰኪያው ይቀየር ወይስ ባትሪው?

ባሕር ዳር ውስጥ ያገለገለ ታብሌት ገዝተው ቻርጅ አልይዝ ሲል ብዙዎች የሚሮጡት ባትሪ ፍለጋ ነው። ቀድሞ መፈተሽ ያለበት ግን መሰኪያው፣ ማለትም የቻርጅ ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ነው፤ ርካሹም እሱ ነው። ገመዱና ቻርጀሩ ደህና መሆናቸውን በሌላ ስልክ ካረጋገጡ በኋላ የዩኤስቢ መለኪያ (የሚሳበውን አምፒር የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ) በቻርጀሩና በገመዱ መሃል ያስገቡ። 0 አምፒር ካሳየ በአብዛኛው መሰኪያው ነው። ከ1 አምፒር በላይ እየሳበ መቶኛው ካልጨመረ ባትሪውን ይጠርጥሩ።

መሰኪያውን ኃይሉን አጥፍተው በእንጨት ስንጥር ይጥረጉ፣ በ99 በመቶ አልኮል ይጠቡ። በሐይቁ ዳር እርጥበትና አሸዋ የገባበት አንዳንዴ በዚህ ብቻ ይነሳል። በትንሽ ቦርድ ላይ ተነጥሎ የተሠራ ከሆነ መቀየሩ ቀላል ነው፤ ዋናው ቦርድ ላይ የተበየደው ግን ሆት ኤር (ብየዳን በሙቅ አየር የሚያቀልጥ መሣሪያ) እና የለመደ እጅ ይፈልጋል፤ አለዚያ የቦርዱ መዳብ አብሮ ይነቀላል።

ባትሪ ሲደክም 30 በመቶ ላይ ድንገት ይጠፋል። ያበጠ ከሆነ ክርክር የለም፣ ቻርጅ አይደረግም። ያላበጠውን በመልቲሜትር ይለኩ፦ የሞላ ሴል (አንዱ የባትሪ ክፍል) 4.2 ቮልት ገደማ ነው፤ ከ2.5 በታች ወርዶ ወራት የከረመ አይታመንም። አዲሱን ሲመርጡ በመለያው ላይ ከተጻፈው ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh፣ የባትሪው አቅም) ይልቅ ውፍረቱንና የሽቦውን ሶኬት ያመሳስሉ። ከባትሪው የምትወጣው ሦስተኛዋ ቀጭን ሽቦ ብዙ ጊዜ የሙቀት መለኪያ ነች፤ ሳትገናኝ ከቀረች ታብሌቱ ቻርጅ ላይቀበል ይችላል። ሽቦ መቁረጥ ግድ ከሆነ አንድ በአንድ ይቁረጡ፤ ቀዩንና ጥቁሩን ባንድ ጊዜ መቁረጥ ሾርት ያደርጋል።