ተሳቢ ሳይኖራችሁ ለአሮጌ ፒካፕ ጋንቾ እንዳትገዙ

አሮጌ ፒካፕ ያላችሁ፣ ተሳቢ ግን የሌላችሁ ሰዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ጋራዥ ስትገቡ «የተሳቢ ጋንቾ እንግጠምልህ፣ አንድ ቀን ይጠቅምሃል፣ ቅናሹ ዛሬ ብቻ ነው» ካሏችሁ አትክፈሉ። ጋንቾ ማለት ከመኪናው ኋላ ተገጥሞ ተሳቢ የሚታሰርበት ብረት ነው። ቢያንስ የዚያን ቀን አትክፈሉ። ጋንቾ መጥፎ ዕቃ ስለሆነ አይደለም። ምን እንደምትጎትቱ ሳይታወቅ የሚሸጥላችሁ ጋንቾ በግምት የተመረጠ ነው፤ አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ግምት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሕይወትም ያስከፍላል።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ የአንድ ጓደኛዬ ጉዳይ ነው። ዘይት ሊያስቀይር ገብቶ «ሙሉ የመጎተቻ ጥቅል» የሚል የዋጋ ዝርዝር ይዞ ወጣ። ጋንቾ፣ የመብራት ሽቦ፣ ለኋላ ባሌስትራ ማጠናከሪያ፣ ለካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም ተደምሮ። ከመክፈሉ በፊት ላከልኝ። ከላይ እስከ ታች አየሁት። የሚጎተተው ነገር ስንት ኪሎ እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ መስመር የለበትም። መኪናው ስንት ኪሎ መጎተት እንደሚችልም አልተጻፈም። ማቀዝቀዣው ከባድ ነገር ለሚጎትት አውቶማቲክ ካምቢዮ ይጠቅማል፣ አውቶማቲክን ቶሎ የሚገድለው ሙቀት ነውና። የጓደኛዬ መኪና ግን ማኑዋል ነው! በጣም ነው የተናደድኩት።

ጋንቾ የሚመረጠው ከተሳቢው ተነስቶ ነው። መጀመሪያ ክብደቱ ይታወቃል። ከዚያ ኳሱ፣ ማለትም ጋንቾው ላይ ሆኖ የተሳቢው አፍ የሚጎርሰው ድቡልቡል ብረት። ኳስ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ 1⅞ ኢንች አለ፣ 2 ኢንች አለ፣ 2 5/16 ኢንች አለ፣ በብዙ አገሮች ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ነው። 2 ኢንች እና 50 ሚሊ ሜትር በዓይን አይለዩም፣ ልዩነታቸው 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ ግን ለ2 ኢንች የተሠራ የተሳቢ አፍ ትንሹን ኳስ ሲጎርስ ይላላል፤ ጉድጓድ ላይ ሲዘል ሊወልቅም ይችላል። ከዚያ ከፍታው አለ፤ ተሳቢው አግድም ሆኖ እንዲሄድ ኳሱ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚወስነው ተሳቢው ነው። ሶኬቱም እንደዚያው። ባለ 4 መስመሩ መብራት ብቻ ያበራል። የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ተሳቢ ባለ 7 መስመር ሶኬት እና ሾፌሩ አጠገብ የሚገጠም የፍሬን መቆጣጠሪያ ይፈልጋል። ዛሬ ባለ 4 አስገጥማችሁ ነገ ፍሬን ያለው ተሳቢ ብትገዙ ሥራው እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል።

ሻጩ የሚያሳያችሁ አንድ ቁጥር አለ። ጋንቾው ላይ የተለጠፈው። በአሜሪካ ምደባ ክላስ 3 የሚባለው፣ የመሰኪያ ቀዳዳው (ኳሱ ሳይሆን) 2 ኢንች የሆነው ጋንቾ እስከ 8,000 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 3,600 ኪሎ ሊጻፍበት ይችላል። ሰው ይህን አይቶ «መኪናዬ 3,600 ኪሎ ይጎትታል» ይላል። አይጎትትም። ቁጥሩ የብረቱ ነው። የመኪናው አቅም ያለው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ነው፣ እዚያም እንደ ሞተሩ፣ እንደ ካምቢዮውና እንደ ዲፈረንሻሉ ይለያያል። ከመኪናው፣ ከጋንቾው፣ ከኳሱና ኳሱን ከያዘው ብረት ትንሹ ቁጥር ነው የሚወስነው። መጽሐፉ ላይ ያለውም የተጻፈው መኪናው አዲስ ሳለ ነው።

ባሌስትራ ማጠናከሪያውም እንዲሁ ያሳስታል። በአሜሪካ ልማድ ተሳቢ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ጋንቾው ላይ ይጥላል፤ 1,500 ኪሎ ተሳቢ ከ150 እስከ 225 ኪሎ ማለት ነው፣ ይሄም ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል። ማጠናከሪያው የወረደውን ኋላ ቀና ያደርገዋል። አክሰሉን፣ ፍሬኑንና ሻንሲውን (መኪናውን ከሥር የተሸከመውን ዋና ብረት) ግን አያጠነክርም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ሻንሲው። ካቻቢቴና ባትሪ ይዘን ከጓደኛዬ መኪና ሥር ገባን። ጋንቾው የሚታሰርበት የኋላው ጫፍ ላይ፣ ከፓራውልቱ ጀርባ፣ ጭቃ ደርቆ ተጋግሯል። ጭቃውን ስናራግፍ ዝገቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ንብርብር ሆኖ ተነሣ። በካቻቢቴው እጀታ ስመታው ፊት ለፊት ያለው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ይሄኛው ድፍን ይላል። አንድ ቦታ ላይ ጫፉ ገባ። ይህን ማየት ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። ዋጋ የሰጠው ሰው ግን ከሥር አልገባም፣ ከፈለገ ማየት እየቻለ።

ጓደኛዬ ጋራዡ ጋ ደውሎ «በብሎን ነው ወይስ በብየዳ?» ብሎ ጠየቀ። «እንበይደዋለን፣ ከብሎን ይጠነክራል» አሉት። ይህን መልስ ስትሰሙ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ለሞዴሉ የተሠራ ጋንቾ በአብዛኛው በፋብሪካው ቀዳዳዎች ላይ በብሎን ይታሰራል። ብየዳ ሲያስፈልግ ወይም አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ብዙ ጊዜ ጋንቾው የሌላ መኪና ስለሆነ ነው። የብየዳ ሙቀት ጠንካራ የሻንሲ ብረትን ከብየዳው አጠገብ ያዳክማል፣ በዛገ ብረት ላይ ደግሞ ብየዳው በደንብ አይይዝም። ከላዩ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ማንም አያየውም። ባዶውን ስትነዱ ምንም አይታወቅም። የሚታወቀው ጭነት ያለው ተሳቢ ከኋላ ሲኖር ነው፣ ያኔ ደግሞ ከኋላችሁ ሌላ ሰው አለ።

ሽቦውም ቀላል አይደለም። የፍሬን መብራቱና ፍሬቻው የተለያየ አምፖል በሆነበት መኪና ላይ፣ ሁለቱን በአንድ አምፖል ለሚያበራ ተሳቢ መለወጫ ሳጥን ያስፈልጋል። ያለዚያ ሽቦ ቆርጠው ሲቀጥሉ የቆየውን ሽቦ ያበላሹታል። ተሳቢ ከሌለ ደግሞ ሶኬቱ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ውኃ ይጠጣል፣ ፒኖቹ አረንጓዴ ያወጣሉ፣ ከዚያ አንድ ምሽት ፊውዙ ተቃጥሎ የኋላ መብራት ከነጭራሹ ይጠፋል።

ተሳቢ ለመከራየት ያሰበ ሰው መጀመሪያ አከራዩን ይጠይቅ፤ ክብደቱን፣ የኳሱን መጠንና የሶኬቱን ዓይነት ይነግሩታል። የሚፈለገው ብስክሌት መስቀያ ብቻ ከሆነ ትንሽ ጋንቾ ይበቃል፣ ብዙ ጊዜ ሽቦም ማቀዝቀዣም አያስፈልግም። ከዚህ ውጭ ግን «ለማንኛውም» ብሎ ማስገጠም ኪሳራ ነው። አንዳንዱ ጋንቾ ቅያሪ ጎማ ለማውረድ ያስቸግራል፣ ዳገት ሲወጣ መሬት ይነካል፣ ኳሱ ታርጋ ከሸፈነ በአንዳንድ አገሮች ያስቀጣል።

ቀድማችሁ ያስገጠማችሁ ካላችሁ፣ አትደንግጡ፣ ግን ከመጎተታችሁ በፊት ሥሩን እዩ። ጋንቾው ላይ የአምራቹ ስምና የክብደት ቁጥር ያለው ጽሑፍ ይኑር። የብሎኖቹ ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 ተጽፎ እንደሆነ፣ የጋንቾው መመሪያ ከሚጠይቀውም ጋር እንደሚገጥም ተመልከቱ። ቁጥርም ምልክትም የሌለው ብሎን ካገኛችሁ እንዲቀየር ጠይቁ፣ በቶርክ ቁልፍ (የጥብቀቱን ልክ በሚለካ ቁልፍ) በመመሪያው ልክ አስጠብቁት። ብየዳ ካለበት ግን የገጠመው ጋራዥ ራሱ ሳይሆን ሌላ የሻንሲ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ይየው፣ እሱ እስኪያየው ድረስ ምንም አታስሩበት።