ለሰላም ማስከበር የፖሊስ ፈተና የሚያዘጋጀው የድሬዳዋ ሥልጠና፦ መኪናው ላይ ጠንካራ፣ ሥራው ላይ ስስ

ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሠፈር አንድ ግቢ ለተባበሩት መንግሥታት የፖሊስ ፈተና የሚያዘጋጅ የ6 ሳምንት ሥልጠና ይሰጣል። ሠልጣኞቹ በአብዛኛው ከድሬዳዋና ከሐረር የሚመጡ የፖሊስ አባላት ናቸው። ቋንቋው በሥራ ቀናት ማታ ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ መኪናው ቅዳሜና እሁድ ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ ነው። ክፍያው የመኪናውን ነዳጅ አይጨምርም፤ ሲመዘገቡ ይጠይቁ።

ፈተናው ንባብ፣ ማዳመጥ፣ ሪፖርት መጻፍና ቃለ መጠይቅ አለው፤ ከዚያ መንዳት፣ በመጨረሻ የመሣሪያ አያያዝና ተኩስ ይከተላል። በቋንቋው የወደቀ መሪ አይጨብጥም። ስለዚህ አብዛኛው ጊዜ ቋንቋው ላይ መዋሉ ልክ ነው።

የክፍሉ ትልቁ ጥንካሬ ሪፖርት አጻጻፍ ነው። እኛን የሚጥለን ሰዓት መሆኑን አውቀውታል። በሚያዳምጡት የድምፅ ቅጂ ላይ «ፎርቲን ሠርቲ አወርስ» ሲባል ጆሯችን ወዲያው ወደ 8 ሰዓት ተኩል ይመልሰዋል፣ እጅም 8:30 ብሎ ይጽፋል። አንባቢው ይህን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ብሎ ነው የሚረዳው፤ ሪፖርቱ በ6 ሰዓት ተሳሳተ ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሥልጠናው እስኪያልቅ ክፍል ውስጥ በአበሻ ሰዓት መናገር ክልክል ነው፣ ሠልጣኙም የእጅ ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሞላል። ቀንም እንደዚሁ፤ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ድካም ሲመጣ ያስታል።

ሁለተኛው ልማድ ያዩትን ከፈረዱት መለየት ነው። «ሹፌሩ ሰክሯል» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት በቀይ ተሰርዞ ይመለሳል። «አፉ መጠጥ ይሸታል፣ ሲቆም ይንገዳገዳል፣ ቃላት ይጎትታል» ብሎ የጻፈ ያልፋል።

ማዳመጡ ላይ ግን ቅሬታ አለ። የጣሪያው ማራገቢያ ጩኸት የቃል መጨረሻን ይውጣል፤ ፊፍቲንና ፊፍቲ የሚለዩት ደግሞ መጨረሻቸው ላይ ነው። በሬዲዮ ቁጥር ተነጣጥሎ «ዋን ፋይቭ» የሚባለውም ለዚሁ ነው። ማራገቢያው ሲጠፋ ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። የጆሮ ማዳመጫ ቢገዙ ሁለቱም ችግር ይቀረፍ ነበር።

መኪናው ባለማንዋል ማርሽ የሆነ ላንድክሩዘር ነው፤ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ብዙ ሰው አውቶማቲክ ነድቶ ስለሚመጣ ፍሪሲዮን አመጣጠን ይጠፋዋል። ዳገት ላይ አቁሞ ወደ ኋላ ሳይንሸራተቱ መነሳትን የደንገጎ መንገድ ላይ ያለማምዳሉ። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ መውረድ ፍሬኑን አግሎ ኃይሉን ስለሚያሳጣው በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሞተር እየተያዙ ይወርዳሉ።

አሸዋውን የሚለማመዱት ከከተማው ወጣ ባለው የደቻቱ ደረቅ ወንዝ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ከመግባት በፊት የጎማው ነፋስ ወደ 20 ፒኤስአይ ይቀነሳል፤ ጎማው ሲሰፋ አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል። የፊት ጎማ ማያያዣው በእጅ የሚዞር ከሆነ ተወርዶ ሁለቱም ወገን ይቆለፋል። ባለአራት ጎማው ማርሽ የሚገባው ከመያዙ በፊት ነው፤ ብዙዎች ተይዘው ጎማ እያሽከረከሩ ነው የሚያስታውሱት፣ ያኔ መኪናው በሆዱ ተቀምጧል። ከተያዘ ነዳጅ መስጠት ትቶ ከጎማው ፊትና ኋላ አሸዋ መዛቅና በመጡበት ዱካ ወደ ኋላ መውጣት ነው። አስፋልት ሲደርሱ ማርሹ ተመልሶ ይወጣል፣ አለበለዚያ ጥምዝ ላይ ካምቢዮውን ይጎዳል፤ ነፋሱም ይሞላል። በክረምት ይህ ትምህርት ይቋረጣል፣ መቋረጥም አለበት። የ1998ቱ ጎርፍ ሌሊት ከደጋው ወርዶ ነው ከተማውን የበላው።

ተኩስ እዚህ አይሰጥም፤ መሣሪያ ያለው የፖሊስ ተቋሙ ነው። ጣት ከምላጭ ውጭ፣ አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ ኢላማው የሚለውን ግን ቢያንስ በቃል ሊያስጠኑት ይገባል፤ ጥሩ ተኳሽ በአያያዝ ስህተት ይወድቃል።

ስስ የሆነው ክፍል የሥራው ምንነት ነው፤ አንድ ማታ ብቻ ተሰጥቶታል። የተባበሩት መንግሥታት ፖሊስ በ1960 እ.ኤ.አ. ኮንጎ ከተሰማራ ጀምሮ ሥልጣኑ ከተልዕኮ ተልዕኮ ይለያያል። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮሶቮና በምሥራቅ ቲሞር ሕግ የማስከበሩን ሥራ ራሱ ይዞ ነበር። በአብዛኞቹ ተልዕኮዎች ግን የአገሩን ፖሊስ ይደግፋል፣ ያማክራል፣ ያሠለጥናል፤ በደቡብ ሱዳን የተፈናቃዮች መጠለያዎችን ሲጠብቅ ኖሯል። በነጠላ የሚሄድ መኮንንና ሰልፍ ለመቆጣጠር የሚሰማራው 140 ገደማ አባላት ያሉት የተደራጀ የፖሊስ ክፍልም ሥራቸው የተለያየ ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ የሄደ ሰው እንደ አገሩ ካቴና ለማውጣት ይቸኩላል።

የሚያስፈልገው ልምምድ እንዲህ ያለ ነው፦ የአገሩ ፖሊስ ጣቢያ ስትገባ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ብዙ ቀን የቆየ እስረኛ አገኘህ። በሩን አትከፍትም። ስሙን፣ የተያዘበትን ቀንና ምክንያት መዝግበህ ለጣቢያው አዛዥ ሕጉን ታስታውሳለህ፣ በዕዝህ በኩል ለተልዕኮው የሰብዓዊ መብት ክፍል እንዲደርስ ሪፖርት ታደርጋለህ። የተደፈረች ሴት ስትመጣም ቀድሞ ሕክምና ነው፤ ታሪኳን ሦስት ሰው ደጋግሞ እንዳይጠይቃት መጠበቅም የአንተ ኃላፊነት ነው።

የአስተርጓሚ አጠቃቀምም ቦታ ቢያገኝ የድሬ ልጅ ይቀናዋል፤ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ መሀል ነው ያደገው። ዓይን ተናጋሪው ላይ፣ ዓረፍተ ነገር አጭር፣ አስተርጓሚው የራሱን አስተያየት እንዳይጨምር ቀድሞ መንገር ነው ዋናው።

ለነጠላ መኮንንነት ቢያንስ የ5 ዓመት አገልግሎትና የጸና መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እጩ የሚያቀርበው መንግሥት ነው፣ የተባበሩት መንግሥታትም በየትኛውም ደረጃ ገንዘብ አያስከፍልም። ሥልጠናው የሚሰጠው ወረቀት ለእጩነት አያበቃም፣ ይህንንም መጀመሪያ ቀን በግልጽ ይናገራሉ። ከግቢው ውጭ «ስም አስገባለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ከገጠመዎት አይስጡ።